ዶስቶየቭስኪን ከሕይወቱ ጋር ጎን ለጎን ሳነብ፦ እስካሁን የደረስኩበት

የዶስቶየቭስኪን ልብ ወለዶች ከደብዳቤዎቹና ከሚስቱ ከአና ማስታወሻ ጋር እያነበብኩ ነው። አካሄዴ ቀላል ነው። አንድ ልብ ወለድ ከመጀመሬ በፊት በዚያ ሰሞን የጻፋቸውን ደብዳቤዎች አነባለሁ። ከዚያ ወደ ታሪኩ እገባለሁ። ስጨርስ ደብዳቤዎቹን እንደገና አያለሁ። ይሄን የጀመርኩት እኔም አጫጭር ልብ ወለድ ስለምሞክር ነው። ሰው በራሱ ላይ የደረሰውን ነገር እንዴት አድርጎ ነው ታሪክ የሚያደርገው? ማወቅ የፈለግኩት ይሄን ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

እስካሁን ካየሁት ውስጥ ደጋግሞ የሚመጣው አንድ ነገር ነው። ዶስቶየቭስኪ የደረሰበትን ከባድ ነገር ራሱ ይዞት አይቀርብም። ለሌላ ሰው አሳልፎ ይሰጠዋል፣ ያውም ከእሱ በጣም ለሚርቅ ሰው።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ የአደባባዩ ታሪክ ነው። ብዙዎቻችሁ ታውቁት ይሆናል፣ ግን ዝርዝሩን ልንገራችሁ። ፒተርስቡርግ ውስጥ ፔትራሼቭስኪ በሚባል ሰው ቤት አርብ አርብ ማታ የሚሰበሰቡ ሰዎች ነበሩ። ስለ ሶሻሊዝም፣ ስለ ገባሮች ነፃነት፣ ስለ ሳንሱር ያወራሉ። ዶስቶየቭስኪም ይሄድ ነበር። በ1849 ሚያዝያ ላይ ተያዙ። በእሱ ላይ ከቀረቡት ክሶች ትልቁ ሃያሲው ቤሊንስኪ ለደራሲው ለጎጎል የጻፈውን የተከለከለ ደብዳቤ በስብሰባው ላይ ማንበቡ ነው። ደብዳቤ አነበበ ተብሎ ነው እንግዲህ ሞት የተፈረደበት! ስምንት ወር በምሽጉ ከታሰረ በኋላ ታኅሣሥ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ሴሚዮኖቭስኪ አደባባይ ተወሰደ። ፍርዱ ተነበበ። መስቀል ተሳለሙ። ነጭ የሟች ልብስ አለበሷቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዎች ከግንድ ጋር ታሰሩና ወታደሮቹ አነጣጠሩ። እሱ በተራው ስድስተኛ ስለነበር የሚወጣው በሁለተኛው ዙር ነው። በዚህ መሃል ከበሮ ተመታ፣ የታሰሩት ተፈቱ፣ ንጉሡ ቀዳማዊ ኒኮላይ ምሕረት አድርጎላችኋል ተባሉ። ምሕረቱ አስቀድሞ የተወሰነ ነበር። ያን ሁሉ ያደረጉት ሊያስፈራሯቸው ነው። ከግንዱ ጋር ታስረው ከነበሩት አንዱ ግሪጎሪየቭ አእምሮው ታወከ።

አንድ ነገር በመሃል ልበል። ሩሲያ በዚያ ዘመን የምትጠቀመው የጥንቱን የዩልዮስ አቆጣጠር ነው፣ የእኛ የገና ቀንም ከዚያው ጋር ይገጥማል። ስለዚህ የአደባባዩ ቀን በእኛ ሲቆጠር ታኅሣሥ 26 ላይ ይውላል፣ ገና ሦስት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። እግር ብረት የገባለትም በገና ሌሊት ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ወደ አራት ኪሎ የሚጠጋ ብረት እግሩ ላይ ተደርጎ በበረዶው ወደ ሳይቤሪያ ተጫነ። ይሄን ካሰላሁ በኋላ ታሪኩ ለእኔ ሩቅ አገር የሆነ ነገር መሆኑ ቀረ።

ከአደባባዩ በተመለሰበት ቀን ለወንድሙ ለሚካኤል ደብዳቤ ጽፏል። ሕይወት ስጦታ ናት፣ እያንዳንዱ ደቂቃ የደስታ ዘለዓለም መሆን ይችል ነበር ይለዋል። ደብዳቤው ትኩስ ነው፣ ሰውየው ገና እየተንቀጠቀጠ የጻፈው ይመስላል። ልብ ወለድ ውስጥ ግን ይሄ ትዕይንት እንደዚያ በዝርዝር የወጣው ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ «ጅሉ» ላይ ነው። ያውም ባለታሪኩ ልዑል ሚሽኪን የራሴ ታሪክ ብሎ አይደለም የሚያወራው። አንድ ጊዜ ያገኘሁት ሰው ያጫወተኝ ነው ብሎ በእንግድነት በሄደበት ቤት ላሉት ሴቶች ይነግራቸዋል። እንግዲህ ቁጠሩት፦ ከደራሲው ወደ ሚሽኪን፣ ከሚሽኪን ወደዚያ ስም ወደሌለው ሰው። ቁጥሮቹም ተቀይረዋል። ዶስቶየቭስኪ አደባባዩ ላይ የቆመው 28 ዓመቱ ላይ ነው፣ የልብ ወለዱ ሰው 27 ነው። እሱ ስድስተኛ ነበር፣ ያኛው ስምንተኛ ሆኖ ሦስተኛው ዙር ላይ ይቆማል። አንድ ዙር ጨመረለት። ለምን ይመስላችኋል? እኔ እንደሚመስለኝ ጊዜ ሊሰጠው ፈልጎ ነው። ምክንያቱም የዚያ ክፍል ዋና ነገር የቀሩት አምስት ደቂቃዎች ናቸው። ሰውየው ያካፍላቸዋል። ሁለቱ ደቂቃ ጓደኞቹን ለመሰናበት፣ ሁለቱ ስለ ራሱ ለማሰብ፣ የቀረው ለመጨረሻ ጊዜ ዙሪያውን ለማየት። እዚያ ቅርብ የሆነ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው በፀሐይ ያበራል፣ ሰውየው ዓይኑን ከዚያ መንቀል ያቅተዋል።

ከዚያ የሚመጣው ነው በጣም የገረመኝ። ሰውየው ብተርፍ እያንዳንዷን ደቂቃ እንደ አንድ ዘመን እቆጥራታለሁ፣ አንዲትም አላባክንም ብሎ አስቦ ነበር። ሴቶቹ ታዲያ ከተረፈ በኋላ እንደዚያ ኖረ ወይ ብለው ይጠይቃሉ። ሚሽኪን አልኖረም ይላል። ብዙ፣ ብዙ ደቂቃ አባከነ። ደብዳቤው ላይ ይሄ የለም፣ ሊኖርም አይችልም። ይሄን ለመጻፍ ከአደባባዩ በኋላ የነበረውን ዕድሜ መኖር ያስፈልግ ነበር፤ ዕዳውን፣ ቁማሩን፣ ጭቅጭቁን፣ በከንቱ ያለፉትን ቀኖች። እዚህ ገጽ ላይ መጽሐፉን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ።

«የሙታን ቤት» ላይም ነገሩ ያው ነው። ኦምስክ እስር ቤት አራት ዓመት ከባድ የጉልበት ሥራ ሠርቷል። መጽሐፉ ግን የሚተረከው ጎርያንቺኮቭ በሚባል ሚስቱን በገደለ ሰው አንደበት ነው። ሳንሱሩ አንዱ ምክንያት ነው፣ የፖለቲካ እስረኛ ነበርኩ ብሎ እንዲያ በግልጽ ማውጣት አይሞከርም። ውጤቱን ግን እዩት፤ ብዙ ዓመት ቆይቶ ራሱ እንደጻፈው፣ ያኔም ድረስ ወደ ሳይቤሪያ የተላከው ሚስቱን ገድሎ ነው ብለው የሚያወሩ ሰዎች ነበሩ።

ከዚህ መጽሐፍ እንዳያመልጣችሁ የምፈልገው ሁለት ቦታ አለ። አንዱ ሳንቲም የምትሰጠው ልጅ ናት። እስረኛው ከሥራ ሲመለስ አንዲት ትንሽ ልጅ ሮጣ ትደርስበትና ምስኪን፣ ስለ ክርስቶስ ብለህ ተቀበለኝ ብላ አንድ ኮፔክ እጁ ላይ ታደርጋለች። እኛ አገር ይሄ ቃል ከለማኙ ነው የሚሰማው፣ እዚያ ሰጪዋ ናት የምትለምነው። ሁለተኛው አባቱን ገድሏል ተብሎ የተፈረደበት የመኮንን ልጅ ታሪክ ነው። መጀመሪያ ላይ ተራኪው ጥፋተኛ አድርጎ ያቀርበዋል፣ በኋላ ሁለተኛው ክፍል ላይ ንጹሕ ሆኖ መገኘቱን፣ በከንቱ አሥር ዓመት መቀጣቱን ይነግረናል። ይሄ ሰው በእውነት የነበረ ነው፣ ስሙ ኢሊንስኪ ነው። በኋላ «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» ላይ ዲሚትሪ ሆኖ ይመጣል፤ አባቱን ሳይገድል የሚፈረድበት ልጅ።

እዚህ ላይ የዶስቶየቭስኪን የራሱን አባት የሚያነሱ ብዙ ናቸው። ሐኪሙ አባቱ በ1839 በርስታቸው ላይ ሞቱ፤ ገባሮቻቸው ናቸው የገደሏቸው የሚል ወሬ ነበር፣ አጥኚዎች እስካሁን ይከራከሩበታል። የሥነ ልቦናው ሊቅ ፍሮይድ ከዚህ ተነስቶ የዶስቶየቭስኪን የሚጥል በሽታ ሳይቀር ከአባት ግድያ ጋር አያይዞ ጽፏል። እኔ ይሄ አይዋጥልኝም። የዶስቶየቭስኪ ትንሹ ልጅ አሎሻም በዚሁ በሽታ ነው የሞተው፣ ያንን ደግሞ ምን ሊሉት ነው? ግን አንድ ትንሽ ነገር አለች። ከቤተሰቡ ርስት አንዱ መንደር ቼርማሽኒያ ይባላል። ልብ ወለዱ ላይ አባትየው ከመገደሉ በፊት ሌላው ልጁ ኢቫን እንዲሄድለት የሚለምነው ቦታ ስም ቼርማሽኒያ ነው። ስለ አባቱ ሞት በልብ ወለድ አንድም ጊዜ በቀጥታ ያልጻፈ ሰው የመንደሩን ስም እንዳለ አስቀመጠው።

ወደ ሳይቤሪያ ሲሄድ ቶቦልስክ ላይ የዲሴምበሪስቶች (በ1825 በንጉሡ ላይ አምፀው ወደ ሳይቤሪያ የተጋዙ ሰዎች) ሚስቶች አዲስ ኪዳን ሰጥተውታል። የመጽሐፉ ሽፋን ውስጥ አሥር ሩብል ተደብቆ ነበር። እስር ቤት የተፈቀደለት መጽሐፍ እሱ ብቻ ነበር። «ወንጀልና ቅጣት» ላይ ሶንያ የአልዓዛርን ታሪክ ለገዳዩ ለራስኮልኒኮቭ ታነብለታለች፣ መጨረሻ ላይ ሳይቤሪያ ታስሮ ወንጌሉ ከትራሱ ሥር ይገኛል። ዶስቶየቭስኪ በ1881 ሲሞት አና ያነበበችለት ያንኑ የቶቦልስኩን መጽሐፍ ነው።

ስለ አና ካነሳሁ «ቁማርተኛው»ን ልለፈው አልችልም። በ1865 ዕዳ ሲያጣድፈው ስቴሎቭስኪ ከሚባል አሳታሚ ጋር ክፉ ውል ፈረመ። እስከ ኖቬምበር 1፣ 1866 አዲስ ልብ ወለድ ካላስረከበ የሚቀጥሉትን ዘጠኝ ዓመት የሚጽፈውን ሁሉ አሳታሚው ያለ ክፍያ ይወስዳል። ጥቅምት ደረሰ፣ አንድም ገጽ የለም። በቃል እየነገረ የሚያጽፋት የ20 ዓመት ልጅ ቀጠረ፣ አናን። በ26 ቀን ጨረሱት። የሚያስረክብበት ቀን አሳታሚው ከከተማ ወጥቷል ተባለ፣ ረቂቁን ፖሊስ ጣቢያ አስረክቦ ደረሰኝ ተቀበለ። ታሪኩ የራሱ ነው፣ ጀርመን አገር ያለው የዊዝባደን የሩሌት ቁማር ጠረጴዛ፣ ፖሊና የምትባል ሴት (የወደዳት ሴት ፖሊና ሱስሎቫ ነበረች)። ከሳምንት በኋላ ለአና አዲስ ልብ ወለድ አሰብኩ አላት፤ አንድ ያረጀ፣ የታመመና ዕዳ ያለበት ሠዓሊ ወጣት ሴት ይወዳል፣ እንደዚህ ያለች ልጅ ልትወደው ትችላለች ብለሽ ታስቢያለሽ? ከዚያ ሠዓሊው እኔ ነኝ ብለሽ አስቢ፣ ልጅቷ አንቺ ነሽ፣ ምን ትመልሺያለሽ አላት። ለጋብቻ ሲጠይቅ እንኳ ራሱን ለሌላ ሰው ሰጥቶ ነው። ይሄን ማስታወሻዋ ላይ ሳነብ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

መጻፍ ይፈውሳል ለሚሉ ደግሞ፦ «ቁማርተኛው»ን ከጻፈ በኋላ እስከ 1871 ድረስ ቁማር ተጫውቷል፣ የአናን ጌጣጌጥና ልብስ እያስያዘ። ሱሱን አብጠርጥሮ ያውቀዋል፣ ጽፎታል፣ አልተወውም።

ያነበብኩት ሁሉ ውስጥ ለእኔ ትልቁ የአሎሻ ነው። ትንሹ ልጁ አሎሻ ግንቦት 1878 በሚጥል በሽታ ሞተ። በሽታው ከአባቱ የወረሰው ነው። ዶስቶየቭስኪ ከሐዘኑ ብዛት ከወጣቱ ፈላስፋ ከቭላድሚር ሶሎቪዮቭ ጋር ወደ ኦፕቲና ገዳም ሄዶ መነኩሴውን አባ አምብሮሲን አገኘ። «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» መጀመሪያ አካባቢ ደግሞ አንዲት ገበሬ ሴት ከሩቅ አገር ተጉዛ ወደ አባ ዞሲማ ትመጣለች። ልጇ ሞቶባታል። ዕድሜው ሦስት ዓመት ሊሞላው ሦስት ወር ሲቀረው ነው። ስሙ አሌክሲ። የአሎሻ ዕድሜ ልክ ይኸው ነው። ዞሲማ አትጽናኚ፣ አልቅሺ ይላታል፣ ራሔልን ያነሳላታል። አና እንደምትለው እነዚያ ቃላት ባሏ ከገዳሙ ይዞላት የመጣው ነው። ሴትየዋ የልጇን ትንንሽ እግሮች ኮቴ አንድ ጊዜ ብቻ ብሰማ ትላለች። ታዋቂው ደራሲ ሐዘኑን ለአንዲት ማንበብ ለማትችል ገበሬ ሰጣት፣ እሷም ከእሱ አብልጣ ተናገረችው። የልጁን ስም ደግሞ ለመጽሐፉ ዋና ሰው ሰጠ።

ይሄ ልማዱ ግን የማይሠራበት ቦታም አለ። ልጅ ሆኖ ተኩላ መጣ የሚል ድምፅ የሰማ መስሎት ሲሸሽ ማሬይ የሚባል ገባር በአፈር በቆሸሸ ጣቱ ከንፈሩን ነክቶ አረጋግቶታል። ኦምስክ እያለ በፋሲካ ሰሞን፣ እስረኞቹ ሰክረው ሲደባደቡ፣ እንጨት አልጋው ላይ ተኝቶ ይሄን አስታወሰ። በ1876 በራሱ ስም፣ እኔ ብሎ ነው የጻፈው። ደግነትን ሲያገኝ በራሱ ስም ይጽፋል፣ ቁስሉን ሲሆን ለሌላ ይሰጣል ብዬ እያሰብኩ ነው። ገና አልጨረስኩትም ይሄን ሐሳብ፣ ተከራከሩኝ።

በእኔ ጽሑፍ ላይ ምን ለወጠ? አባቴን ሳስታምም ሆስፒታል ያሳለፍኳቸውን ሌሊቶች ለመጻፍ ስሞክር እኔ ብዬ ስጀምር ሁሉም አረፍተ ነገር ለራሴ ማዘን ይሆንብኝ ነበር። አሁን ሌሊቶቹን ለበር ጠባቂው ሰጠሁት። እሱ ያያል፣ አስታማሚዎቹ ማን እንደሆኑ አያውቅም፣ ጠዋት ተረኛው ሲመጣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አባቴ አሁን በመስኮት በኩል የሚታይ አንድ አልጋ ነው፣ ግን ከበፊቱ ይልቅ አለ። ረቂቁን ስጨርስ እልክላችኋለሁ።

ቀጥሎ «አጋንንት» ነው። እዚያ የሚገባው በ1869 ኔቻዬቭ የሚባለው አብዮተኛና ጓዶቹ ኢቫኖቭን፣ የራሳቸውን ባልደረባ፣ የገደሉበት ወንጀል ነው፤ ደራሲው ራሱ በወጣትነቱ ምስጢራዊ ማኅበር ውስጥ ስለነበር ኔቻዬቭን እንዴት እንደሚፈርደው ማየት እፈልጋለሁ። ከዚያ በዚሁ አካሄድ ሐዲስ ዓለማየሁን መሞከር አስቤያለሁ። ጣሊያን አገር ታስረው የቆዩ ሰው ናቸው፣ «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ግን ያ እስር የለም። «ትዝታ»ን አጠገቡ አድርጌ አነባለሁ። አብሮኝ ማንበብ የሚፈልግ ካለ «ትዝታ»ን ከአሁኑ ፈልጉ፣ እንደልብ አይገኝም።