ጠቆር ይበልልኝ

ልጄ ፍራንክፈርት ተወልዳ ያደገች የ16 ዓመት ልጅ ናት። ቤት ውስጥ አማርኛ እናወራታለን፤ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በጀርመንኛ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት ትሄዳለች። ቃላቱን ለፈተና ታጠናቸዋለች፣ ሳምንት ሳይሞላ ይጠፉባታል። ባዕድ አገር ልጅ የሚያሳድግ ሁሉ ይህን ያውቀዋል።

ዘንድሮ ክረምት አዲስ አበባ ይዣት መጣሁ። ያረፍነው ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ብዙም በማይርቀው የአክስቴ ቤት ነው።

ማኪያቶ ወደደች። መጀመሪያ የመጣላት ግን ወተት በዝቶበት ነበር። ፊቷን ያዩ አጠገባችን የተቀመጡ አዛውንት፣ «ልጄ፣ ጠቆር ይበልልኝ በይው» አሏት። እሷም አለች። አስተናጋጁ ስኒውን አንስቶ ቡናው ጎላ ያለበትን አመጣላት። አንዴ ፉት አለችና «ጠቆር» ብላ ለራሷ ደገመችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቡና ቤት ስንገባ የምታዘው ራሷ ናት። ቀጥሎ ሻይዋ «ቀጠን ይበልልኝ» ሆነ፤ የሰነበተውን እንጀራ «ኮምጠጥ ብሏል» አለች። ጸጉሯን ልትስተካከል ሄደን ደግሞ «አጠር ይበልልኝ» ስትል ሰማኋት። ማን አስተማረሽ ብላት፣ «እንደ ማኪያቶው ነዋ!» አለችኝ። ሰዋስው አስተማሪ በሰሌዳ የሚደክምበትን ነገር ከስኒ ነው ያገኘችው።

አክስቴማ ማስተማር የሚባል ነገር አታውቅም፣ ቡና ነው የምታፈላው። አቦሉን ትቀዳለች፣ ጀበናው ላይ ውኃ ጨምራ ቶናውን፣ እንደገና ጨምራ በረካውን። በየዙሩ ቡናው ይቀጥናል። «ነይ እስቲ ዓይንሽን ጨፍነሽ ቅመሺና የትኛው እንደሆነ ንገሪኝ፣ የኔ ሸጋ» ትላታለች። ልጄ አሁን ሦስቱንም ለይታ በስማቸው ትጠራለች፤ ጨዋታው ስለጣማት እማማ እያለች ከአጠገቧ አትጠፋም።

እኔም ጀርመንኛን የያዝኩት በአፌ ነው። ኮርስ ላይ የተማርኩት ስንቱ ሲረሳኝ፣ የዶነር (በዳቦ የሚበላ የቱርክ ጥብስ ሥጋ) ሻጩ «ሚት ሻርፍ?» አልረሳኝም። እሺ ብዬ የመጀመሪያውን ስጎርስ ሚጥሚጣ መሰለኝ፤ ሻርፍ የሚያቃጥል ማለት መሆኑን መዝገበ ቃላት ማየት አላስፈለገኝም።

በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ የስፔን ተመራማሪዎች የሠሩት ጥናት አለ፤ ሰዎች «ጨው» የመሰለ የጣዕም ቃል ሲያነቡ፣ አእምሯቸው ውስጥ ጣዕም የሚለየው ክፍል አብሮ ይነቃል። ምንም ሳይቀምሱ፣ በማንበብ ብቻ! ቃሉና ጣዕሙ እንዲህ ከተያያዙ ልጆቻችንን ያልቀመሱትን ቃል ለምን እናስሸመድዳቸዋለን? «አልጫ» የሚለውን ካርቶን ላይ ጽፎ ከማሳየት፣ ድንች አልጫውንና ቀይ ወጡን ጎን ለጎን አቅርቦ ማጉረስ ይሻላል። በርበሬ ለማይችል ልጅ እንኳ «ለዘብ ይበልልኝ» ማለት ትልቅ ትምህርት ነው፤ ይህን ለማለት ደግሞ ምክንያት አለው።

ትናንት ለቅዳሜው ትምህርት አስተባባሪዎች ጽፌላቸዋለሁ። መስከረም ላይ ስንጀምር ምድጃ ያለው ክፍል እንፈልግ፣ ሽሮና በርበሬውን እኔ ከዚህ ይዤ እመጣለሁ ብያለሁ። ወጥ መሥራት የሚችል ወላጅ ካለ፣ እናትም ሆነ አባት፣ ከአሁኑ ይመዝገብ።