ፓምፕ ያልቀደመበት መሠረት፦ የዊንቸስተር ካቴድራል

ሐዋሳ ሐይቁ አካባቢ መሠረት የሚያስቆፍር ሰው ጉድጓዱ ውሃ ሲያቆር መጀመሪያ የሚያስበው ፓምፕ ነው። ለአዲስ ቤት ያስኬድ ይሆናል። ከላይ ከባድ አሮጌ ግንብ ካለ ግን ፓምፑ ራሱ ሕንፃ ሊያፈርስ ይችላል። በደቡብ እንግሊዝ የሚገኘው ዊንቸስተር ካቴድራል የዳነው ይህ በጊዜ ስለታወቀ ነው። (ዓመታቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሥራው በ1079 ተጀምሮ በ1093 ተባረከ፤ የመሃሉ ማማ በ1107 ተደርምሶ እንደገና ተሠራ። ዋናው ጣጣ የመጣው ግን ከ1202 ጀምሮ ጳጳስ ጎድፍሬይ ደ ሉሲ ሕንፃውን ወደ ምሥራቅ ሲያስረዝሙ ነው። ቦታው ረግረግ በመሆኑ ግንበኞቹ ግንድ አጋድመው በላዩ ገነቡ። ውሃ ውስጥ የሚኖር ግንድ አየር ስለማያገኘው ቶሎ አይበሰብስም። የከዳቸው ከሥሩ ያለው ፒት ነው፦ በከፊል የበሰበሰ የረግረግ ዕፅዋት ክምር፣ ሸክም ሲበዛበት የሚጨመቅ። ጠንካራው ጠጠር ከእሱ በታች ነበር። በ1900ዎቹ መጀመሪያ ግድግዳው ወደ ውጭ አዘንብሎ ተሰነጣጥቋል።

መሐንዲሱ ፍራንሲስ ፎክስ መጀመሪያ ግድግዳውን በእንጨት አስደገፈ፤ ስንጥቆቹንም በሲሚንቶ ቡኬት አስሞላ። ከዚያ ከመሠረቱ ሥር ጉድጓድ በተራ ማስቆፈር ቀጠለ። ውሃው በፓምፕ ቢሳብ ደቃቁን አፈር አጥቦ ያወጣና ግንቡ መቆሚያ ያጣል። ስለዚህ ዊልያም ዎከር የሚባል ጠላቂ ተቀጠረ። ከ1906 እስከ 1911፣ እስከ 6 ሜትር በሚደርስ ድፍርስ ውሃ፣ ምንም ሳያይ በዳበሳ ፒቱን እየቆረጠ አወጣ። ልብሱ 90 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ለምሳ ሲወጣ የሚያወልቀው የራስ ቁሩን ብቻ ነበር፤ ፒፓውንም እንደዚያው ሆኖ ያጨሳል።

ጠጠሩ ላይ ሲደርስ ኮንክሪት የተሞሉ ከረጢቶችን ደርድሮ፣ ቀዶ፣ ወለሉን ይደፍናል። ፓምፕ የሚገባው ኮንክሪቱ ከጠነከረ በኋላ ነው፤ ያኔ ውሃው ከታች መግቢያ የለውም። ግንበኞች በደረቅ ጉድጓድ ወርደው በብሎክና በጡብ እስከ አሮጌው መሠረት ያነሡታል። እዚህ ላይ ክፍተት ከቀረ ልፋቱ ከንቱ ነው፤ ሸክሙ ወደ አዲሱ ሥራ አይተላለፍም። በጠቅላላው 25,800 ከረጢት ኮንክሪት፣ 114,900 ብሎክና 900,000 ጡብ ገብቷል።

ዝናው የዎከር ነው፣ ይገባዋልም። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር የፎክስ ቅደም ተከተል ነው። በ1964 ለዎከር የቆመው ሐውልት በስህተት የፎክስን ፊት ይዞ ወጣ፤ እስከ 2001ም አልተተካም።