የምሳ ሰዓት ግምገማ

ፋይሉ አሁንም መደርደሪያው ላይ አለ። ንጹሕ ነው፤ ስርዝ ድልዝ የለበትም። ከግርጌው ስሜ፣ ቀኑና ፊርማዬ ሰፍሯል። ባየሁት ቁጥር ሽምቅቅ እላለሁ።

ሴፍቲ፣ ማለትም የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ ሆኜ በተቀጠርኩ በሦስተኛው ሳምንት ነው። አለቃዬ ጠራኝና «የአደጋ ግምገማው ይሠራ፤ ለሠራተኛው ምን ዓይነት መከላከያ እንደምንገዛ እንወቅ» አለኝ። ልወጣ ስል ደግሞ «ሰው ግራ እንዳይጋባ ለሁሉም አንድ ዓይነት ሕግ ይሁን» ሲል ጨመረበት። ይቺን የመጨረሻዋን ልብ በሉልኝ። በኋላ ነገሩ ሲበላሽ «እኔ መቼ አልኩ?» የተባለላት እሷ ናት።

የብረታ ብረት ወርክሾፕ ነው። ብረት እያዞረ የሚቀርጽ ሁለት ቶርኖ፣ ብረት የሚበሳ ሦስት ትራፓኖ፣ ብረት የሚሞርድ ግራይንደር፣ የላሜራ መቁረጫ፣ ጥግ ላይ ደግሞ ዕቃ በቲነር የሚታጠብበት ገንዳ። ጠዋት ገብቼ ልጽፍ ሞከርኩ። እንዴት ተደርጎ! ግራይንደሩ ይጮሃል፣ ፍንጣሪው ይረጫል፣ አንዱ ጋሪ እየገፋ «ዞር በል!» ይለኛል። ብልጥ ልሁን አልኩና ምሳ ሰዓት ጠብቄ ተመለስኩ። ማሽኑ ሁሉ ቆሟል። ጭጭ ብሏል። ወረቀቴን ትልቁ ቶርኖ ላይ ዘርግቼ፣ ዘና ብዬ ሞላሁት።

«ድምፅ» በሚለው ረድፍ ላይ «የለም» ብዬ ጻፍኩ።

ፎርሙ የተቀዳው ኦሻ ከሚባለው የአሜሪካ የሥራ ደህንነት መሥሪያ ቤት ነው። የእነሱ ደንብ ግምገማው መሠራቱ በጽሑፍ እንዲረጋገጥ ያዛል። የትኛው ሥራ ቦታ እንደተገመገመ፣ ማን እንዳረጋገጠና በስንት ቀን እንደሆነ መስፈር አለበት። ቀኑን ይጠይቃል እንጂ ሰዓቱን አይጠይቅም። ጠይቆ ቢሆን ኖሮ «ከ6:30 እስከ 7:15» ብዬ ስጽፍ ምናልባት ራሴ እባንን ነበር።

ከደንቡ ጋር የተያያዘው መመሪያ ደግሞ ወርክሾፑን ስትዞር ምን ምን ማየት እንዳለብህ ይዘረዝራል። የሚጀምረው ከሚንቀሳቀስ ነገር ነው። ከዚያ ሙቀት፣ ኬሚካል፣ አቧራ እያለ ይወርዳል፤ ስለት የሚመጣው ዘግይቶ ነው። እኔም በተራው ሄድኩ። የሚንቀሳቀስ ነገር ፈለግሁ፤ ከእኔ በቀር የሚንቀሳቀስ አልነበረም። ስለት ግን ሞልቷል። የላሜራው ጠርዝ አለ፣ ቶርኖው ሥር የተከመረው የብረት ፍቅፋቂ አለ። ስለዚህ አደጋው መቆረጥ፣ የሚጎዳው እጅ፣ መከላከያው ጓንት ሆነ። ለማን? ለሁሉም።

ጓንቱን የመረጥኩት ራሴ ነኝ፤ በዚህስ ግዢ ክፍልን አላማም። ኢኤን 388 የሚባለው የአውሮፓ የጓንት መለኪያ ያለበት ጓንት ጀርባው ላይ የመዶሻ ምልክት አለው፤ ከሥሩ ቁጥሮችና ፊደላት ይደረደራሉ። ከፊደላቱ አንዱ ስለት የመቋቋም አቅሙን ከኤ እስከ ኤፍ ይናገራል። እኔ ከላይ ሁለተኛውን፣ ኢን መረጥኩ። በቢላ ሞከርኩት፤ ጭረት እንጂ አልተበሳም። 200 ጥንድ ታዘዘ። በሩ ላይም «ያለ ጓንት መሥራት በጥብቅ የተከለከለ ነው!» የሚል ማስታወቂያ ለጠፍኩ። ቃለ አጋኖዋም የእኔ ናት።

ጓንቱ በታደለ ማግስት ወርክሾፑን ልቃኝ ገባሁ። ሁሉም አድርገዋል። ትልቁ ቶርኖ ላይ ያሉት ጋሼ ብቻ ባዶ እጃቸውን ናቸው። ወረቀቴን ብብቴ ሥር ሸጉጬ ተጠጋኋቸው።

«ጋሼ፣ ጓንት!»

«ምን?»

«ጓንትዎን ያድርጉ እንጂ!»

«አልሰማህም!»

እጄን ብዘረጋ ትከሻቸውን እነካለሁ። እዚያ ርቀት ላይ ቆመን ነው የምንጯጯኸው። የድምፅ መለኪያ በሌለበት ቦታ አንዱ መፈተኛ ይኼው ነው። አንድ ክንድ ርቀት ላይ ላለ ሰው ድምፅህን ከፍ ካላደረግህ የማትሰማ ከሆነ ቦታው 85 ዴሲቤል ሳያልፍ አይቀርም። ኮርስ ላይ ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይ መጥቶልኝም መልሼዋለሁ። ያን ዕለት ግን ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ስጮህ «ድምፅ የለም» የሚለው ወረቀት ብብቴ ሥር ነበር፤ ትዝ ያለኝም የለ።

ጋሼ ማሽኑን አጠፉ። ዞሮ ዞሮ እስኪቆም ጠበቁ። ከዚያ ነው ቀና ብለው ያዩኝ።

«ይቺን ወረቀት የጻፍካት አንተ ነህ?»

«አዎ ጋሼ።»

«ስትጽፋት ይቺ ማሽን ትዞር ነበር?»

ምን ልበል።

«ምሳ ሰዓት አይቼህ ነበር እኮ» አሉ። «ለንብረት ቆጠራ የመጣህ ነው የመሰለኝ።»

ከኋላዬ አንዱ ሳቀ። ማን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይቅር ብየዋለሁ፣ ማለትም ግማሽ በግማሽ።

ጋሼ ከኪሳቸው ጓንቷን አወጡ። ጨርሶ አልተነካችም። ወደ ትራፓኖው ወሰዱኝ፣ ሶኬቱን ነቀሉ። የጓንቷን ባዶ ጣት ፑንታው ላይ፣ ማለትም እየዞረ በሚበሳው ብረት ላይ አስደግፈው በእጃቸው ቀስ እያሉ አዞሩት። በግማሽ ዙር የፑንታው ጠርዝ አንድ ክር ያዘ። በአንድ ዙር ጣቷ ተጠመዘዘች። ሦስተኛው ላይ ጓንቷ ከነመዳፏ ተጠቅልላለች።

«ጎትታት» አሉኝ።

ጎተትኩ። በሁለት እጄ ጎተትኩ። ንቅንቅ የለም።

«ጥሩ ጓንት ነው» አሉ። «አይቀደድም። ችግሩ እሱ ነው።»

ትራፓኖው በደቂቃ 800 ጊዜ ቢዞር በሰከንድ 13 ጊዜ መሆኑ ነው። ሰው የሆነ ነገር እንደያዘው አውቆ እጁን እስኪሰበስብ የሰከንድ አንድ አምስተኛ ያህል ይፈጅበታል። ያን ጊዜ ፑንታው ከሁለት ዙር በላይ ሄዷል። ባዶ እጅ የነካው እንደሆነ ይቆርጣል፤ ቀላል ነገር አይደለም። ጓንት ያደረገውን ግን እጁን ይዞት ነው የሚዞረው። ለዚህ ነው በሚዞር ማሽን ላይ ጓንት፣ ቀለበት፣ የተንጠለጠለ እጅጌ የማይፈቀደው። ይህንን ደግሞ አውቀዋለሁ! እስከ ዛሬ የሚያበግነኝም እሱ ነው። አላውቅም ነበር ብል እንኳ ይቀለኝ ነበር። አውቄው፣ የቆመ ማሽን ፊት ቆሜ ረሳሁት።

እዚያ ላይ ይቅርታ ጠይቄ መውጣት ነበረብኝ። አፌ ግን ምን አለ መሰላችሁ? «ግን ጋሼ፣ ሕጉ ለሁሉም ነው።»

ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«እንግዲያው ሕጉ ይምጣና ቶርኖ ይሥራ» ብለው ማሽናቸውን አስነሱ።

በማግስቱ ጠዋት በሥራ ሰዓት ገባሁ። የድምፅ መለኪያ ይዤ፣ የጆሮ መድፈኛ አድርጌ። ግራይንደሩ ጋ 97 ዴሲቤል አነበብኩ። ኒዮሽ የሚባለው የአሜሪካ የሥራ ጤና ምርምር ተቋም ለ85 ዴሲቤል 8 ሰዓት ይፈቅድና በየ3 ዴሲቤሉ ጊዜውን በግማሽ ይቆርጠዋል። 97 ላይ ስትደርስ የቀረህ ግማሽ ሰዓት ነው። ልጆቹ እዚያ የሚቆሙት ግማሽ ቀን ነው። አዲሱን ፎርም በሰው ሳይሆን በሥራ ከፋፈልኩት። ያው ሰው ላሜራ ሲሸከም ጓንት ያደርጋል፣ ትራፓኖ ላይ ሲቆም ያወልቃል። አለቃዬ ገጾቹን ቆጠረና «ይኼ ሁሉ ለምን አስፈለገ?» አለኝ። ማስታወቂያዬን ማታ፣ ሰው ከወጣ በኋላ ነው የገነጠልኩት።

ከዚያ ወዲህ የጋሼ ደቀ መዝሙር ሆንኩ። ያሉትን ሁሉ እጽፋለሁ። ገንዳው ጋ ደረስን። የእኔን የክር ጓንት ያደረገ ልጅ ቲነር ውስጥ ዕቃ ያጥባል። ጓንቱ ጠጥቶ ጠጥቶ ይንጠባጠባል፤ ከባዶ እጅ የባሰ ነው፣ ቲነሩን ቆዳው ላይ ለጥፎ ይይዘዋል።

«እዚህስ ጋ ጋሼ?»

«እዚህ ምንም የለም። ውኃ በለው። እኔ 30 ዓመት እጄን ታጥቤበታለሁ።»

እስክሪብቶዬ ወረቀቱ ላይ ደርሷል። «የለም» ልል ነው፣ ለሁለተኛ ጊዜ። እንዳጋጣሚ እጃቸውን አየሁት። ነጭ ነው፤ ደርቆ እንደ በጋ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። የቲነሩን የደህንነት መረጃ ቅጽ አውጥቼ አነበብኩ። ውስጡ አሴቶን የሚባል ኬሚካል አለ። ናይትራይል ከሚባለው ላስቲክ የተሠራ ስስ ጓንትን አሴቶን ሳይቀደው በደቂቃዎች ውስጥ ዘልቆት ያልፋል፤ የሚቋቋመው ቡቲል የሚባለው ላስቲክ ነው። ቡቲል አስገዛሁ። ጋሼ እኔን ሲያዩ ያጠልቁታል። መነጽራቸውንም እንዲሁ፤ ሌላ ጊዜ ግንባራቸው ላይ ነው የሚውለው። አንድ ቀን «ጋሼ፣ ግንባርዎን ነው የሚጠብቁበት?» ብላቸው «ፍቅፋቂው ሲመጣ አየዋለሁ» አሉኝ። እኚህ ናቸው እንግዲህ እኔን ያስተማሩኝ ሰው።

ባለፈው ኦዲተር መጣ። ሁለቱንም ፋይሎች ጎን ለጎን ዘረጋቸው። ሁለተኛው ላይ የተሰረዘ፣ የተጨመረ፣ አንድ ገጽ ላይ ደግሞ የጋሼ አውራ ጣት በዘይት ታትሟል። እሱን ገለጥ ገለጥ አድርጎ ወደ ጎን ገፋው። የመጀመሪያውን ግን ከፍ አድርጎ ለአለቃዬ አሳየው።

«ግምገማ እንዲህ ነው» አለ። «እንዴት ያለ ንጹሕ ሥራ ነው! መቼ ተረጋግተህ ነው የጻፍከው?»

«ምሳ ሰዓት» አልኩ።

«ጎበዝ!» አለኝ። «ምሳህን ትተህ!»