አራተኛዋን መኪና ያመጣኋት እኔ ነኝ

ሄግ ላለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት የጦር ወንጀል መረጃ መላክ በራሱ ከባድ አይደለም። ፍርድ ቤቱ በተቋቋመበት የሮም ስምምነት አንቀጽ 15 መሠረት ማንም ሰው ለዐቃቤ ሕጉ መላክ ይችላል። ጻፍኩ፣ ላክሁ፣ «ደርሶናል» የሚል አጭር ደብዳቤ መጣ። ከዚያ ጭጭ።

ድርጊቱ ከሐምሌ 2002 (እ.ኤ.አ.) በፊት ከሆነ ግን አትድከሙ፤ የፍርድ ቤቱ ሥልጣን የሚጀምረው ከዚያ ወዲህ ነው። አገሩ አባል መሆኑንም ቀድማችሁ እዩ። እኔ ይህን አጣርቼ ነበር። ያቃጠለኝ ሌላ ነው።

አንዲት እናት ልጃቸው ከቤት ሲወሰድ አይተዋል። መጀመሪያ ሳናግራቸው «ሦስት መኪና መጣ» አሉኝ። ጻፍኩ። በሳምንቱ ሌላ ሰው «አራት ናቸው» ሲለኝ ተመልሼ ሄድኩ። «አራት አልነበሩም እንዴ፣ እማማ?» ቆም ብለው «ይሆናሉ፣ ልጄ» አሉ። ያንንም ጻፍኩ! ለሦስተኛ ጊዜ አንድ የመብት ድርጅት ቃላቸውን ሲቀዳ አራተኛዋ መኪና ነጭ ሆና መጣች።

አንድ ጠበቃ ሦስቱን ወረቀት ጎን ለጎን ዘርግቶ በቀይ እስክሪብቶ አሰመረባቸው። «የተከሳሽ ጠበቃ ብሆን በዚህች መኪና ብቻ ግማሽ ቀን አፋጥጣቸዋለሁ» አለኝ። እሳቸው አልዋሹም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም። በዚሁ ፍርድ ቤት የኮንጎው ታጣቂ ቡድን መሪ ቶማስ ሉባንጋ በ2012 (እ.ኤ.አ.) ጥፋተኛ ቢባልም፣ ዳኞቹ ዐቃቤ ሕጉ ምርመራውን ለአገናኞች (ከምስክሮች ጋር ለሚያገናኙት የአካባቢው ሰዎች) መተዉን ክፉኛ ተችተዋል፤ የበርካታ ምስክሮች ቃልም ተቀባይነት አጥቷል። ይህን ያነበብኩት ካበላሸሁ በኋላ ነው።

የዐቃቤ ሕጉ ቢሮና ዩሮጀስት (የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ትብብር ተቋም) በ2022 (እ.ኤ.አ.) ያወጡት መመሪያ ዝርዝር ቃሉን ለመርማሪ ተዉት ይላል። ለመናገር ቀላል ነው። መርማሪው ዓመታት ቆይቶ ሊመጣ ይችላል፤ ጭራሽ ላይመጣም ይችላል። ምስክር ደግሞ ያረጃል፣ ይሰደዳል፣ ይሞታል። ስለዚህ እኔ የምለው፦ ማንም እንደማይመጣ ካወቃችሁ ቅዱ። ግን አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ። «ምን አዩ?» ብላችሁ ዝም በሉ። ቁጥር ከአፋችሁ አይውጣ። ድርጅት ሁሉ በየተራው ሊቀዳ ሲመጣ ደግሞ «ተቀድቷል» በሉት፤ ይቀየም።

ሰሞኑን እማማን ደውዬ ጠየቅኋቸው። «ያቺ ነጭ መኪና» ብለው ጀመሩ። ላርማቸው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት።