እማዬ፣ ጧፉና ካሜራዬ

ትናንት ማታ የሳሎኑን መብራት አጥፍቼ እማዬን ጧፍ አስይዤ አቆምኳት። "መብራት ሄደ እንዴ?" አለች እህቴ ከጓዳ። አልሄደም፤ ልምምድ ላይ ነን። የትንሣኤን ሌሊት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ፎቶ እንዳነሳ ዘንድሮም ከደብሩ ፈቃድ አግኝቻለሁ። የአምናው እንዳይደገም ነው ይሄ ሁሉ።

አምና ካሜራውን ግማሽ አውቶማቲክ ላይ አድርጌው ገባሁ። አይኤስኦውን (ለብርሃን ያለውን ስሜት) 800 ላይ አሰርኩት፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ ስፋት) እኔ፣ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) እሱ። ጨለማው ሰፍቶ ሲታየው ብርሃን ያነሰው መስሎት ሹተሩን እስከ 1/15 ሰከንድ አወረደው። ከበሮውና ጭብጨባው ሲጀመር የሰው እጅ ሁሉ ጭስ ሆኖ ወጣ። ነጠላ የለበሱ እናቶች ፊቱ ሲደረደሩ ደግሞ ተገላቢጦሽ። ነጩ በዛብኝ ብሎ አጨለመው። ነጠላው አመድማ፣ ፊታቸው ጥቁር። ሁለት እርምጃ በተራመድኩ ቁጥር ሐሳቡን ይቀይራል። ፍላሽ ብጠቀምስ? ሰው እየጸለየ ዓይኑ ላይ መብረቅ መልቀቅ አይሆንልኝም።

ስለዚህ ዘንድሮ ሁሉም ማኑዋል። 50 ሚሊ ሜትር ሌንሴን ኤፍ 1.8 ላይ በሰፊው ከፈትኩት፣ ሹተር 1/125፣ አይኤስኦ 3200። የእማዬ ፊት ወጣ። ኖይዝ፣ ያ ነጠብጣብ፣ አለው፤ ይኑረው። ከ800 በላይ መውጣት የምፈራው በምን ምክንያት እንደነበር እንጃ። ሳሎናችን የተሰቀለው የአባዬ የድሮ ፎቶ ከዚህ የባሰ ነጠብጣብ አለው፣ ማንም ተናግሮት አያውቅም።

ያስቸገረኝ ፎከሱ ነው። እንደኔ ባለ ፉል ፍሬም (ትልቅ ሴንሰር ያለው) ካሜራ፣ በ1.8፣ ከአንድ ሜትር ላይ ጥርት የሚለው አራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ካሜራው ነበልባሉን ያዘና የእማዬን ዓይን ለቀቀው። የፎከሱን ነጥብ ራሴ ዓይኗ ላይ አሳረፍኩት፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላም አልኩ፤ ተሻለ። የኋላውን ስክሪን ከአሁኑ አጥፍቼዋለሁ፤ ጨለማ ውስጥ እንደ ባትሪ ነው የሚያበራው።

"አልጨረስክም? ጧፉ ጣቴ ጋ ሊደርስ ነው።" እውነቷን ነው። አንዲት የሰም ጠብታ አውራ ጣቷ ላይ ወርዳ ደርቃለች። እሷንም አነሳኋት።

ኋይት ባላንሱን፣ ካሜራው የብርሃኑን ቀለም የሚያስተካክልበትን፣ 3,200 ኬልቪን ላይ አድርጌው ነበር። የጧፍ ብርሃን 1,900 ገደማ ነው፤ ቁጥሩ ከዚያ ከፍ ባለ መጠን ፎቶው ወደ ቢጫ ያደላል፣ ወርቃማነቱ እንዳይጠፋብኝ ብዬ ነው። ለእኔ ልክ ነበር፣ እንዲያውም ኮራሁበት። እማዬ መነጽሯን አድርጋ ፎቶውን አየችው። ዝም አለች። ከዚያ፣

"አሁን ይሄ ነጠላ ታጥቧል?"

"ታጥቧል እማዬ፣ የጧፉ ብርሃን ነው።"

"ያየ ሰው እንደሱ አይልም።"

ወደ 2,500 ዝቅ አደረግኩትና ሌላ ጧፍ ለኮስን።