ድርጭት ትንሽ ዶሮ አይደለችም

ዶሮ የሚረባበት ቤት ነው ያደግኩት። ስለዚህ ሁለት አዳዲስ ሴት ድርጭቶች ሳመጣ መጀመሪያ የደወልኩት ለእናቴ ነው። «ጨለም ሲል ቆጥ ላይ ከነባሮቹ መሃል አስቀምጪያቸው» አለችኝ። «ጠዋት እህትማማች ሆነው ይነሳሉ።» ለዶሮ ይሠራል። በዓይኔ አይቻለሁ።

ድርጭት ግን ቆጥ ላይ አትወጣም። መሬት ላይ ነው የምታድረው። ይህን እያወቅኩ፣ ማታ በስልኬ መብራት አስገባኋቸው። ጸጥ አሉ። ደስ ብሎኝ ተኛሁ።

ሲነጋ አንደኛዋ ጥግ ይዛ ፊቷን ከግድግዳው አጣብቃ ቆማለች። ከአናቷ እስከ ማጅራቷ አንድ ላባ የለም፣ ቆዳዋም ተገሽልጧል። አውራው ደረቱን ነፍቶ ይንጎራደዳል። መንቆሩ ጫፍ ላይ ደም ደርቋል። ሁለተኛዋ መመገቢያው ሥር ተወሽቃ ነው የተረፈችው።

የተጎዳችውን ለብቻዋ አውጥቼ ቁስሏን በጨው ውሃ አጠብኩላት። ዳነች። እኔ ግን ያን ቀን ሥራም አልሠራሁ።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። አዲስ የመጡት መጀመሪያ ሌላ ክፍል ውስጥ ሦስት ሳምንት ይቆያሉ። በሽታ ይዘው ከሆነ ብዙውን ጊዜ እዚያው ይታያል። መኖ ስሰጥም ከነባሮቹ እጀምርና ወደ አዲሶቹ እሄዳለሁ፣ በጫማዬና በእጄ ምንም እንዳላሻግር። ከዚያ ለአንድ ሳምንት ጎን ለጎን፣ መሃላቸው ሽቦ። ይተያያሉ፣ ይሰማማሉ፣ መነካካት የለም።

ትልቁ ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። አዲሶቹን ወደ ነባሮቹ ቤት አላስገባም። ሁለቱንም ወገን አውጥቼ፣ በአንድ ጊዜ፣ ማንም ወዳላደረበት ሌላ ኬጅ እከታቸዋለሁ። ያ ከሌለ የድሮውን አጥቤ፣ አሸዋውን ቀይሬ፣ ዕቃውን ሁሉ ቦታ አዛውራለሁ። ባለቤት የሌለው ቤት ውስጥ ሁሉም እንግዳ ነው፤ ጠብ ለመፈለግ ጊዜ የለውም። ጥግ ጥጉ ላይ ደረቅ ሳርና የተገለበጠ ካርቶን አደርጋለሁ፣ የሚሸሽ መደበቂያ እንዲያገኝ። መመገቢያውም ሁለት፣ መጠጫውም ሁለት።

የማደርገው ደግሞ ጠዋት ነው፣ ቤት በምውልበት ቀን። ትንሽ መባረርና መነካከስ ያለ ነው፣ አልደነግጥም። አንዷ የሌላዋን አናት ነክሳ አልለቅ ካለች ግን የማወጣው ተነካሿን ሳይሆን ነካሿን ነው። ሁለት ሦስት ቀን ቆይታ ስትመለስ እሷ ራሷ መጤ ትሆናለች።

አንዲት ድርጭት ብቻዋን በጭራሽ አላስገባም። ጫጩትም አድጎ እኩያቸው ሳይሆን ከትልልቆቹ ጋር አላቀላቅልም። አውራ ደግሞ ለአራት አምስት ሴት አንድ ይበቃል።

የተረፉት አውራዎችስ? እነሱ ወደ ሥጋው ናቸው። እዚህም እናቴን ሰማሁ። «በቆሎ ስጫቸው፣ ይሰባሉ።» የመጨረሻውን ሁለት ሳምንት ክክ በቆሎ አበላኋቸው። ሲታረዱ ሆዳቸው ዙሪያ ቢጫ ስብ ነበር። ደረታቸው ላይ ግን ሥጋ የለም።

ነገሩ ግልጽ ነው፤ ያልገባኝ እኔ ነኝ። ድርጭት ከእንቁላል የምትወጣው በ17 ወይም በ18 ቀን ነው። ስትወጣ የአውራ ጣት ታህላለች። ስድስት ሳምንት ሲሆናት አድጋ ጨርሳለች ማለት ይቻላል። በዚያች አጭር ጊዜ የሚያስፈልጋት ሥጋ የሚሠራ መኖ ነው። ከ24 እስከ 28 በመቶ ፕሮቲን ያለው የጫጩት መኖ እፈልጋለሁ፣ መንቆራቸው ትንሽ ስለሆነ በደንብ እፈጨዋለሁ፣ ለሥጋ የሚሄዱትን እስከ መጨረሻው ከእሱ አልቀንስባቸውም። የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ፕሮቲኑ ያንሳል፣ ካልሲየሙም ለጫጩት ኩላሊት ጉዳት ነው። (የጫጩቶቹ መጠጫ ውሃ ውስጥ ጠጠር መጨመር እንዳትረሱ። በዚያች ጥልቀት እንኳ ይሰምጣሉ፣ እውነቴን ነው።)

በሦስት ሳምንታቸው እለያቸዋለሁ። በተለመደው ቡናማ ዝርያ የወንዱ ደረት ጥርት ያለ ዝገት ይመስላል፣ የሴቷ ነጠብጣብ አለው። ወንዶቹን ለብቻ አድርጌ መብራታቸውን በቀን ወደ ስምንት ሰዓት አወርዳለሁ። ብርሃን ሲበዛ ቶሎ ይጎረምሳሉ፣ ከዚያ የበሉትን በጠብ ይጨርሱታል። ሴቶቹ ግን እንቁላል እንዲጥሉ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ብርሃን ይፈልጋሉ።

ቅዳሜ ቅዳሜ እመዝናለሁ። ድርጭት ሚዛን ላይ አትቆምም፤ ትዘልላለች። ስለዚህ ጫፉ የተቆረጠ አሮጌ ካልሲ ውስጥ አስገባታለሁ፣ ጭንቅላቷ ብቻ ይወጣል። ዝም ትላለች። ቁጥሩን እጽፋለሁ። ጭማሪው ሲያንስ፣ አብዛኛውን ጊዜ ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ፣ ጊዜያቸው ደርሷል። ከዚያ በኋላ በቀን 20፣ 25 ግራም መኖ እየበሉ መቀመጥ ብቻ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ እየመዘንኩ እናቴ ደወለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ድርጭት ካልሲ ውስጥ ከትቼ እየመዘንኩ።»

ትንሽ ዝም አለች።

«ቆጥ ግን ሠራሽላቸው?»