ስኮርታው የት ይሁን?

«ጣሪያው የሻንጣ ነው።»

ይህን ያለኝ ያኔ የምሠራበት አስጎብኚ ድርጅት የኦፕሬሽን ኃላፊ ነው። ታኅሣሥ 2007 ነበር። ለዳናኪል ጉዞ መኪና እያዘጋጀን ነው። እኔ ሁለተኛውን ስኮርታ፣ ማለትም መጠባበቂያ ጎማውን፣ እንደ ልማዴ ጣሪያው ላይ ባለው የዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ላስረው ገመድ ይዤ ቆሜያለሁ። እሱ ደግሞ የእንግዶቹን ዝርዝር ይዟል። በሦስት መኪና 12 እንግዳ አለ፤ ሻንጣው ግን የ20 ሰው ይመስላል። እያንዳንዱ መኪና ሆዱ ሥር ያለውን አንድ ስኮርታ ብቻ ይያዝ፣ ተጨማሪዎቹ ጎማዎች በኩኩ፣ በምግብ አብሳዩ መኪና ይሂዱ አለ።

«የኩኩ መኪና እኮ ቀድሞን ነው የሚሄደው» አልኩት። እራት ለማድረስ ሁሌም ቀድሞ ይነሳል።

«ችግር ከገጠማችሁ ይመለሳል።»

«ኔትወርክ በሌለበት በምን እንደውልለት?»

መልስ አልሰጠኝም። ወረቀቱን ገልጦ ወደሚቀጥለው መኪና አለፈ። እኔም ገመዱን ጠቅልዬ መልሼ ዕቃ ቤት አስገባሁት። ዛሬም ድረስ ይቆጨኛል። ገመዱን ከመጠቅለሌ በፊት አንድ ጊዜ ደግሜ መናገር ነበረብኝ።

የምነዳው 105 ላንድክሩዘር ነው። ዋን ኤች ዜድ ሞተር፣ 4.2 ሊትር ናፍጣ፣ የማያሳፍር መኪና። ስኮርታው ከኋላ ወለሉ ሥር በሰንሰለት ተንጠልጥሏል። በማዞሪያ ብረት እያዞርክ ታወርደዋለህ፣ ታወጣዋለህ። ለከተማና ለአስፋልት ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ክብደቱ ወደ መሬት ቀርቦ ስለሚቀመጥ መኪናው ረግቶ ይሄዳል። ከሻንጣ ጋር ቦታ አይሻማም። ሌባም በቀላሉ አይደርስበትም። ግን አይታይም። ጠዋት ዘይት ታያለህ፣ ውሃ ታያለህ፣ አራቱን ጎማ በእግርህ መታ መታ ታደርጋለህ። አምስተኛውን ለማየት መንበርከክ አለብህ።

ከመቀሌ በበርሃሌ ወርደን የመጀመሪያውን ሌሊት ሐመድ ኢላ አደርን። ከዚያ በፊት ግን አመሻሹ ላይ እንደተለመደው እንግዶቹን ወደ አሳሌ የጨው ሐይቅ ይዘን ሄድን። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይሞላም፤ ከሥሩ ያለው ጨው ጠንካራ ስለሆነ መኪናውን ላዩ ላይ እየነዳህ ትገባለህ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰማዩ እግርህ ሥር ያለ ይመስላል። እንግዶቹ ከመኪና ወርደው ዝም ይላሉ። እኔም ስንት ጊዜ አይቼው አልጠገብኩትም። ነገር ግን ጎማው የሚረጨው የጨው ውሃ በሙሉ ሆዱ ሥር ይለጠፋል። በማግስቱ ሙቀቱ ሲያደርቀው እንደ ሲሚንቶ ይጠነክራል። እዚያ በረሃ ደግሞ መኪና የሚታጠብበት ውሃ አይገኝም። በዚያ ወቅት ብቻ ጨው ውስጥ ስገባ አምስተኛዬ ነበር።

በማግስቱ ወደ ኤርታሌ ጉዞ ጀመርን። አሸዋውን በደህና አለፍነው። መንገዱ ያኔ መንገድ የሚባል አልነበረም፤ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ለመሄድ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ክፉው ግን መጨረሻው ነው፣ ከኩርስዋድ ወደ ዶዶም ያለው የቀዘቀዘ ላቫ። አንደኛ ማርሽ፣ ሎው ጊር፣ አንድ ድንጋይ ወጥተህ ሌላ ድንጋይ ትወርዳለህ። ለአሸዋው ብለን የጎማ ነፋስ ቀንሰን ነበር። መልሰን መሙላት ሲገባን መሸብን ብለን አለፍነው። ነፋሱ የቀነሰ ጎማ አሸዋ ላይ ያድንሃል፤ ድንጋይ ላይ ግን ጎኑ ያብጥና ስለት ይጠራል።

የግራ የኋላ ጎማዬ ጎኑ ተሰነጠቀ። የመዳፌን ርዝመት ያክላል። የትኛውም ጎሚስታ አይለጥፈውም።

የመጀመሪያው መኪና ከፊታችን ርቋል። የኩኩ መኪና ዶዶም ደርሶ ሽንኩርት እየከተፈ ይሆናል። ከኋላዬ ያለው ሁላችንም ጋሼ የምንለው አንጋፋ ሹፌር ብቻ ነው። ክሪኩን ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አስደግፌ መኪናውን አነሳሁት። ማዞሪያ ብረቱን አስገባሁ። አልዞር አለ። በሁለት እጄ ሞከርኩ። በእግሬ ረገጥኩት። ብረቱ ጠመመ እንጂ ሰንሰለቱ ንቅንቅ አላለም። ባትሪ ይዤ ሥሩ ገባሁ። ማዞሪያው ጥርስ ላይ ያለው ጨው ነጭና ጠጣር ነው፤ በጠፍጣፋ መፍቻ ስመታው የሚነሳው ቅርፊት ብቻ ነው። እንግዶቹ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። ግማሽ ሰዓት ሄደ።

ጋሼ ከመኪናው ወርዶ መጣ። ሥሩ እንዳለሁ ጎንበስ ብሎ አየኝ።

«መጨረሻ ያወረድከው መቼ ነው?»

አሰብኩ። «ሰርቪስ የገባ ጊዜ።»

«ሰርቪስ የገባው መቼ ነው?»

«መስከረም።»

አልተቆጣም። ምንም አላለም። ወደ መኪናው ተመለሰና የራሱን ማዞሪያ አውጥቶ ሆዱ ሥር አስገባ። ጥቂት ጊዜ አዞረ። ስኮርታው ቀስ ብሎ መሬት ነካ። ያንን ድምፅ ዛሬም እሰማዋለሁ፤ ሰንሰለቱ ቅባት ጠጥቶ ያለ ምንም ሲጥታ ሲወርድ። ሄጄ አየሁት። ሰንሰለቱ ግራሶ ተቀብቷል። የማዞሪያው ጥርስ በፌስታል ተጠቅልሎ በሲባጎ ታስሯል።

«ጨው ልገባ ስል ነው የማስረው» አለኝ።

«ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሼ?»

«የምታውቅ መስሎኝ።»

ይቺ መልስ ከስድብ በላይ ገባችብኝ። ያኔ 9 ዓመት ነድቻለሁ። የማውቅ መስዬዋለሁ፤ ለራሴም የማውቅ መስሎኝ ነበር። የእኛ ሥራ እንዲህ ነው። አንጋፋው ያውቃል ብሎ አይነግርህም፣ አንተም አላውቅም ላለማለት አትጠይቅም፣ እውቀቱ በመሐል ይቀራል። ጎማውን ቀይረን ስንነሳ የእኔ መኪና የጋሼን ስኮርታ እግሯ ላይ አድርጋለች። ጋሼ ያለ ምንም ስኮርታ ከኋላዬ እየተከተለ ነው። እስከ ዶዶም ድረስ ከመንገዱ ይልቅ በመስታወት የእሱን መብራት ነበር የማየው።

የእኔን በማግስቱ በሴጌቶ ሰንሰለቱን ቆርጠን አወጣነው።

አዲስ አበባ ስንመለስ ሪፖርት ተጻፈ። «በሹፌር ቸልተኝነት» ይላል። ኃላፊው ቢሮ ጠራኝ። ሁለተኛውን ስኮርታ ጣሪያ ላይ ልጫን ብዬ እንደነበር፣ እሱ እንደከለከለኝ ነገርኩት። እንዲያ ባይሆን ኖሮ አሥር ደቂቃ ነበር የምንቆመው አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ።

«እሺ፣ ጣሪያ ላይ ቢሆንስ ኖሮ ማን ያወርድልህ ነበር?»

ለዚህ መልስ አላጣሁም፤ ግን አሁን ሳስበው ጥሩ መልስ አልነበረም። «ራሴ» ነበር ያልኩት።

ከዚያ በኋላ ተፈቀደልኝ። ሰንሰለቱ ስለተቆረጠ ጋራዥ እስኪሠራው ድረስ ሁለቱንም ጎማ ጣሪያ ላይ አሰርኩ። ልቤ ሞላ። የሚታይ ነገር ነው፣ ጨው አይነካው፣ ጭቃ አይነካው። መኪናው መታጠፊያ ላይ ትንሽ እንደሚወዛወዝ ተሰምቶኛል። አንድ ጎማ ከነቸርኬው ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል፤ ሁለቱ አናት ላይ ሲቀመጡ መኪናው ያውቀዋል። ለመድኩትና ተውኩት።

ከሁለት ወር በኋላ ኦሞ ወረድን። ቱርሚ አጠገብ ካስኬ ወንዝ አለ፤ በበጋ አሸዋ ብቻ ነው። ከወንዙ ስንወጣ ዳገቱ ላይ የፊት ጎማ ተነፈሰ። መኪናው ወደ ቀኝ አዘንብሏል። ጣሪያ ወጣሁ፣ ገመዱን ፈታሁ። አብሮኝ ያለው ወጣት አስጎብኚ ከታች እጁን ዘርግቶ ቆመ። «ቀስ እያልኩ ነው የማወርደው፣ አንተ ደገፍ ብቻ አድርገው» አልኩት። ጎማው ጠርዙን ሲያልፍ ግን ቀስ የሚባል ነገር የለም። ጣሪያው ከመሬት ወደ 1 ሜትር ከ90 ነው፤ ባዘነበለ መኪና ላይ ቆመህ 40 ኪሎ በጣቶችህ ብቻ አትይዝም። አመለጠኝ። ልጁ ዘወር ሲል ቸርኬው እጁን ከፓራውልቱ ጋር አጣበቀው። ሁለት ጣቱ ተሰበረ።

ጂንካ እስክንደርስ አንድም ቃል አላወጣም። እኔ «ይቅርታ» እላለሁ፣ እሱ መስኮቱን ያያል። ኃላፊው የጠየቀኝን ጥያቄ መንገዱን ሁሉ ስሰማው ነበር። ማን ያወርድልህ ነበር? ሻንጣውን አስቦ ይሁን ሰውን አስቦ አላውቅም፤ ጥያቄው ግን ትክክል ነበር። ይህን ለእሱ አልነገርኩትም። ስለ ቸልተኝነት የጻፈውንም ይቅር አላልኩትም። ሁለቱም አብረው አሉ።

ከዚያ ነው በቁም ነገር መጠየቅ የጀመርኩት። ሃርድቶፕ የሚባለውን ላንድክሩዘር የሚነዱ ጓደኞቼ ስኮርታቸው የኋላ በር ላይ ነው። ለማውረድ ቀላል ነው፤ ግን ኮረኮንች ላይ ወራት ሲነዳ የበሩ ማጠፊያ ይላላል፣ ላሜራው ጥግ ጥጉን ይሰነጠቃል። በየወቅቱ ብየዳ ነው። ውስጥ ብናስገባውስ አልን። የሁለት ሰው ዕቃ ቦታ ይበላል፤ በደንብ ካልታሰረ ደግሞ ፍሬን ስትይዝ ወደ ሰው ነው የሚመጣው። ጋሼን ጠየቅኩት። እሱ ሥራ የጀመረው በድሮ ላንድሮቨር ነው፤ ስኮርታው ኮፈኑ ላይ የሚታሰር።

«ጠዋት ኮፈን ስትከፍት መጀመሪያ የምታነሳው እሱን ነው» አለኝ። «ክብደቱ እጅህ ላይ ነው። ስትነዳም ፊትህ ነው። እንዴት አድርገህ ትረሳዋለህ?»

ያን ንግግሩን ይዤ ጋራዥ ሄድኩ። ከብየዳ ባለሙያው ጋር ሦስት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ የኋላ ፓራውልቱን ሻንሲው ላይ አጠንክረን ከእሱ ላይ የሚዞር ክንድ ሠራን። ማጠፊያው ተራ ማጠፊያ አይደለም። ከአሮጌ መኪና የወጣ ሞዞ፣ ጎማ ታስሮ የሚዞርበት ብረት ነው፣ ከነኩሽኔታው። ጎማውን በሦስት ዳዶ ታስረዋለህ። ከፍታው ጭኔ ላይ ይደርሳል፤ ጉልበቴን ሥሩ አስገብቼ ብቻዬን አወርደዋለሁ፣ ብቻዬን እሰቅለዋለሁ። በሩ ክብደት አይሸከምም። ወለሉ ሥር ያለውም ሰንሰለቱ ታድሶ ቦታው ተመለሰ፣ በፌስታሉ።

እንከን የለውም አልልም። ሻንጣ ለማውጣት መጀመሪያ ክንዱን ማዞር አለብህ፤ ቀኑን ሙሉ ስትጭንና ስታወርድ ይሰለቻል። ቦሎ ለማውጣት ስንሄድ ታርጋው ተሸፍኗል ተባልን፤ ወደ ስኮርታው ላይ አዛወርነው። መኪናውም ከኋላ ትንሽ ከብዷል። ግን ይሄው፣ ወደ መኪናው ስሄድ መጀመሪያ የማየው ስኮርታውን ነው። ታርጋዬ እሱ ላይ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ለወጣት ሹፌሮች ስኮርታ የሚታይ ቦታ ይሁን እያልኩ እመክራለሁ፤ ሳይጠይቁኝ እነግራቸዋለሁ።

ጋሼ ጡረታ ወጥቷል። ባለፈው ወር ጋራዥ ብቅ አለ። ሻይ ጠጣን። ከዚያ መኪናውን ዞር ዞር ብሎ አየው። ክንዱን ከፈተና ዘጋ። ወደደው፤ ፊቱ ላይ አየሁት። አውራ ጣቱን ስኮርታው ላይ ጫን አደረገ።

«ነፋሱ ስንት ነው?»

«ሙሉ ነው፣ ጋሼ።»

ከኮት ኪሱ የነፋስ መለኪያ አወጣ። ጡረታ ከወጣም በኋላ ይዞት ይዞራል። ቫልቩ ላይ ገጠመውና እንዳነበው ወደ እኔ አዞረው። 18 ይላል። 40 መሆን ነበረበት።

መለኪያውን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። የኮምፕረሰሩን ቱቦ ልጎትት ሄድኩ።